ለሞተ የቤንዚን ጌጅ 900 ዶላር?



በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የሚነሡት ታላላቅ ጉዳዮች ናቸው፤ የአገር ቤት ነገር፣ የልጆቻችን ቋንቋ፣ የመረዳጃ ማኅበር ምርጫ፣ የቤት ኪራይ መናር። ዛሬ እኔ ይዤ የቀረብሁት ግን ከእነዚህ አንዱንም አይደለም፤ ስለ ቤንዚን ጌጅ ነው። «ደግሞ ይህ ምኑ ጋዜጣ ላይ ይወጣል?» የሚል ቢኖር፣ እስቲ ያዘዘው ምግብ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ይታገሠኝ። በዚህ ትንሽ ነገር የተነሣ ወገኖቻችን በከንቱ የሚያወጡት ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴም ከገንዘብ የከፋ ነገር ያስከትላል።

ይህን የመሰለ ጋዜጣ በሚቀመጥባቸው ምግብ ቤቶች ደጃፍ የሚቆሙትን መኪኖች ልብ ብሎ ላየ ሰው፣ ዕድሜያቸው አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያለፈ ኮሮላዎች፣ ካምሪዎች፣ አኮርዶችና ፒክአፖች ሞልተዋል። ነውር የለበትም። ሞተሩ ደኅና የሆነና ዕዳው ያለቀ መኪና በዚህ አገር ትልቅ ሀብት ነው። ከእነዚህ መኪኖች በአንዱ ገብተው ሲቀመጡ ግን አንድ የተለመደ ነገር ያያሉ፤ የቤንዚኑ ቀስት ባዶው ላይ ተጋድሞ ተኝቷል።

«ኧረ ጋዝህ አልቋል!» ይላሉ በድንጋጤ።

«ተወው እሱን፤ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ታዲያ በምን ታውቃለህ?»

«በማይል እቆጥራለሁ።»

ይህ አንደኛው ወገን ነው፤ ከሞተ ጌጅ ጋር ታርቆ የሚኖረው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መኪናውን ጋራዥ ወስዶ «የቤንዚን ፖምፓው ከነሙሉ ዕቃው መለወጥ አለበት፤ 900 ዶላር» ሲባል፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ የሚከፍል፣ ወይም «ለዚህ አሮጌ 900 ዶላር ከማወጣ ልገላገለው» ብሎ በርካሽ የሚሸጥ ነው። ቀደም ሲል «አገር ቤት ላለው ወንድሜ እልክለታለሁ» የሚልም ነበር፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን ይህ ወሬ ቀርቷል።

የእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ አይደለም፤ ፖምፓውም አይደለም። የሞተችው ታንከሩ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ሴንሰር ናት። በብዙ መኪኖች እሷን ብቻ ለይቶ መለወጥ ይቻላል፤ ዋጋዋም እንደ መኪናው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 100 ዶላር ባለው ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም። የመጸዳጃ ቤት የውኃ ሳጥን ከፍተው ካዩ፣ ውኃው ሲሞላ አብሮት የሚነሣ፣ ሲጎድል የሚወርድ ተንሳፋፊ አይተዋል። በመኪናዎ ታንከር ውስጥ ያለውም የዚያው ወንድም ነው። በቀጭን የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ አለ፤ ክንዱ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር በሌላው ጫፉ ያለች ትንሽ የብረት ጣት በአንዲት የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ትንሸራተታለች። ጣቷ በቆመችበት ቦታ ልክ ሰሌዳው ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን፣ ኦም የሚባለው፣ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት የሚያነበው ይህንኑ ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ታንከሩ ሙሉ ሲሆን 3 ኦም ገደማ፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ 110 ኦም ገደማ ነው። በቀድሞዎቹ የጂኤም መኪኖች የተገላቢጦሽ ነው፤ ባዶው 0፣ ሙሉው 90። ይህን ቁጥር ያዝ ያድርጉልኝ፤ ዕቃ ግዢው ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

እንግዲህ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቤንዚኑ ይናጣል፤ ጣቷም ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያችው መንገድ ስትመላለስ ሰሌዳውን ትፍቀዋለች። ቀስቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ በድንገት የሚወድቅ፣ ወይም መታጠፊያ ላይ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ከሰሌዳው አንዱ ቦታ ተበልቷል ብሎ መጠርጠር ነው። ሌላም ጠላት አላት፤ ድኝ። በብዙ ሴንሰሮች ላይ መነካኪያው ብር አለበት፤ ብር ደግሞ ሲቆይ እንዴት እንደሚጠቁር ከእናቶቻችን የአንገት መስቀል እናውቃለን። ቤንዚን ውስጥ ያለ ድኝም እንዲሁ ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ ብር ኤሌክትሪክ እንደ ልቡ አያሳልፍም። ተረት አይደለም፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ግንቦት ወር ውስጥ ፍሎሪዳና ሉዊዚያና ላይ አንድ ትልቅ የነዳጅ ኩባንያ፣ ድኝ የበዛበት ቤንዚን የመኪኖችን ጌጅ ያበላሻል ተብሎ በመቶ በሚቆጠሩ ማደያዎች ሽያጭ እስከ ማቆም ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ወደ ጋራዥ ከመሮጥ በፊት 10 ወይም 15 ዶላር የሚያወጣ የነዳጅ መሥመር ማጽጃ ገዝቶ ታንከሩ ውስጥ ጨምሮ መሞከር አያስነቅፍም። ጠርሙሱ ላይ የጌጅ ሴንሰር ያጸዳል የሚል የተጻፈበትን ይምረጡ። ጥፋቱ ጥቁረት ከሆነ አንዳንዴ ይሠራል። ሰሌዳው ተበልቶ ከሆነ ግን ጠበልም አይመልሰው።

አሁን ወደ ማይል ቆጣሪዎቹ ልመለስ። ሐሳባቸው ክፉ አይደለም፤ ሴንሰሩ ተገዝቶ እስኪመጣ ድረስ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት እኔም እመክረዋለሁ። ከ1998 እስከ 2002 የተሠራች ኮሮላ ታንከሯ 13.2 ጋሎን ይይዛል፤ በጋሎን 28 ማይል ብትሄድ 370 ማይል ገደማ ትጓዛለች ማለት ነው። ታንከሩን ሞልቶ፣ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጎ፣ ገና 200 ማይል ላይ እንደገና የሚሞላ ሰው መንገድ ላይ አይቆምም። ችግሩ ግን ማንም በዚህ አይጸናም። ደመወዝ እስኪገባ «የአሥር ዶላር ብቻ ልቅዳ» ይባልና ሂሳቡ ይፋለሳል። ቤተሰብ መኪናውን ወስዶ ይመልሰዋል፤ ስንት ቀዳ፣ ስንት ነዳ፣ የሚነግር የለም። ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ሰልፍ ላይ በጥር ብርድ ማሞቂያ ከፍቶ ሁለት ሰዓት ሞተር ሳያጠፋ የተቀመጠ ሹፌር ቤንዚኑን እየጨረሰ ነው፤ ቆጣሪው ግን አንድ ማይል እንኳ አልጨመረም። ከሥር ቱቦ ቀድዶ ቢያፈስስስ? ያንን ሊናገር የሚችለው ጌጁ ነበር፤ እሱ ሞቷል።

ውጤቱን ብዙዎቻችን አይተነዋል። ቤልትዌይ ላይ በግራ መሥመር ሲከንፍ ሞተሩ የጠፋበት ሰው መሪው ይከብደዋል፤ ፍሬኑንም አንድና ሁለት ጊዜ ከረገጠው በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቅበታል። ከኋላው ደግሞ ከባድ መኪና አለ። እንደ ምንም ዳር ቢደርስ እንኳ ጄሪካን ይዞ የሚመጣለት ወዳጅ እስኪደርስ በመንገድ ትከሻ ላይ፣ በጨለማ፣ ምናልባትም ከኋላ ልጆች ተቀምጠው፣ መጠበቅ ነው። በታክሲና በኡበር እንጀራቸውን የሚበሉ ወንድሞችና እኅቶች ተሳፋሪ ይዘው በዚህ ቢቆሙ ምን እንደሚከተላቸው እነሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ሌላም ኪሳራ አለ። በእነዚህ መኪኖች የቤንዚን ፖምፓው የሚኖረው እዚያው ታንከሩ ውስጥ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በቤንዚኑ ነው። ታንከሩ ደጋግሞ ሲደርቅበት ይግላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። እንግዲህ 60 ዶላር ላለማውጣት ብሎ ሁለት ዓመት በግምት የነዳው ሰው፣ መጨረሻ ላይ ያንኑ ሲሸሸው የነበረውን ፖምፓ ይገዛል። ከ1996 ወዲህ በተሠሩት መኪኖች ደግሞ ኮምፒዩተሩ የሴንሰሩን መበላሸት አውቆ የ«ቼክ ኤንጂን»ን መብራት ሊያበራው ይችላል፤ የጭስ ምርመራ በሚጠየቅባቸው ቦታዎች ያ መብራት የበራበት መኪና አያልፍም።

ስለ ጋራዦቹ ደግሞ ፍርደ ገምድል አንሁን። «ሙሉው ይለወጥ» የሚል መካኒክ ሁሉ ሌባ አይደለም። የሚያስበው እንዲህ ነው፦ ታንከሩን ከመኪናው ሥር ማውረድ ከባድ ሥራ ነው፤ ቤንዚኑ መገልበጥ አለበት፤ በክረምት ጨው የዛጉት ማሰሪያዎች ሲፈቱ ይበጠሳሉ። ይህን ሁሉ ለፍቶ የ50 ዶላር ሴንሰር ገጥሞ ከዘጋው በኋላ፣ 180 ሺህ ማይል የሠራው አሮጌ ፖምፓ በሦስተኛው ወር ቢሞት ደንበኛው ማንን ይረግማል? ታንከሩን ሁለተኛ ጊዜ የማውረጃው ዋጋስ በማን ላይ ነው? ስለዚህ ታንከሩ የግድ መውረድ ካለበትና ፖምፓውም ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ከሆነ፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መለወጥ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ መካኒኩ እውነቱን ነው።

ይህ ክርክር የሚያስኬደው ግን በር ለሌለው መኪና ነው። በር ስል የተሳፋሪውን በር አይደለም። ከ1997 እስከ 2001 የተሠሩ ካምሪዎችንና ከ1998 እስከ 2002 የተሠሩ ኮሮላዎችን ይመልከቱ፤ የኋላ መቀመጫው ትራስ ሲነሣ ከሥሩ ክዳን አለ። ክዳኑ ሲከፈት የታንከሩ አናት ከነሽቦው ፊት ለፊት ይታያል። በሌሎች መኪኖች ይኸው ክዳን ከሻንጣ ማስቀመጫው ምንጣፍ ሥር ነው። ፒክአፕ ከሆነም አንዳንድ ብልህ መካኒኮች ታንከሩን በማውረድ ፈንታ የኋላውን የጭነት ሳጥን ብሎኖች ፈትተው ብድግ ያደርጉታል። ክዳን ባለው መኪና ለለመደ እጅ የአንድ፣ ቢበዛ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ፖምፓው ከስድስት ወር በኋላ ቢሞት ክዳኑ እዚያው ነው፤ እንደገና መክፈት ነው። «አንድ ላይ ይለወጥ» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ጋራዥ ሲሄዱ መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቁ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከላይ ክዳን አለው ወይስ ታንከሩ ይወርዳል?» ነው። ቀጥሎም «ሴንሰሩ ለብቻው ይሸጣል ወይ?» ይበሉ። አንዳንድ መኪና ላይ ከፖምፓው ጋር ተጣብቆ እንጂ ለብቻው እንደማይሸጥ አይካድም፤ ግን ይህን ቁጥር ፈልጎ ያረጋገጠ ሰው ይንገርዎት እንጂ በግምት አይቀበሉት። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ ከማይሰጥ ጋራዥ ቁልፍዎን ተቀብሎ መውጣት ነው።

ከመግዛትም በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ መታወቅ አለበት፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። የሙቀቱና የፍጥነቱ ቀስትም አብረው ካበዱ ታንከሩን አይንኩት፤ ፊውዝ ነው፤ አለዚያም ዳሽቦርዱ ራሱ ነው። ከ2003 እስከ 2006 በተሠሩ ብዙ የጂኤም ፒክአፖች ላይ ቀስቶቹን የሚያዞሩት ትንንሽ ሞተሮች መሞታቸው የታወቀ ነው፤ ለእነዚያ ሴንሰር መለወጥ ውኃ መውቀጥ ነው። የቤንዚኑ ቀስት ብቻ ከሞተ ደግሞ በቅድሚያ የሚታየው ወደ ታንከሩ የሚገባው የሽቦ ሶኬትና ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የግራውንድ ሽቦ ነው። የመንገድ ጨው እነዚህን ይበላቸዋል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ መልሶ ሲጠብቅ ቀስቱ ከሞት ይነሣል፤ ወጪው የብሩሹ ዋጋ ብቻ ነው።

ኮምፒዩተር ባልበዛባቸው አሮጌ መኪኖች መካኒኩ ታንከሩን ሳይከፍት ሶኬቱን ነቅሎ ቀስቱን ያያል፤ ከዚያም ከጌጁ የሚመጣውን ሽቦ ለአፍታ ከግራውንድ ጋር ያገናኛል። ቀስቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ከተጓዘ ጌጁም ሽቦውም ደኅና ናቸው፤ በሽተኛው ታንከሩ ውስጥ ነው። ንቅንቅ ካላለ ግን አዲስ ሴንሰር ቢገዙ ትርፉ ድካም ነው። በኋለኞቹ መኪኖች ሽቦው ወደ ኮምፒዩተር ስለሚገባ እንዲህ ያለ መነካካት አይበጅም፤ ኮምፒዩተሩን በማንበቢያ መሣሪያ መጠየቅ ነው። ከፒ0460 እስከ ፒ0463 ያሉት ኮዶች ይህንኑ ሴንሰርና መሥመሩን የሚመለከቱ ናቸው፤ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነጻ ያነብቡታል። ልብ ይበሉ፣ ኮዱ «ሴንሰር ግዛ» አላለም፤ «በዚህ መሥመር ላይ ችግር አለ» ነው ያለው። አይጥ የቆረጠው ሽቦም ያንኑ ኮድ ያወጣል። በአራቱም ጎማ የሚነዱትን ሱባሩዎች የያዛችሁ ደግሞ ታንከራችሁ እንደ ኮርቻ በሁለት ጎን የተንጠለጠለ ስለሆነ ሴንሰሩም ሁለት ነው፤ የሞተው የትኛው እንደሆነ ሳይለይ እንዳይገዛ።

ዕቃው ከሦስት ቦታ ይገኛል። ከአከፋፋዩ ውድ ነው፣ ግን ልክ ነው። ከመለዋወጫ መደብር መካከለኛ ነው። ከአሮጌ መኪና ጓሮ፣ ራስዎ ፈትተው በሚወስዱበት፣ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሞተውን በሚሞት እንዳይለውጡ ያስፈልጋል። ተንሳፋፊውን ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ቀዳዳ አለው፣ ይጣሉት። የኦም መለኪያ ይዘው ይሂዱና ክንዱን በቀስታ ከላይ ወደ ታች ያውርዱት፤ ቁጥሩ ሳይዘልል እየተጓዘ ከመጣ ይግዙት፣ መሐል ላይ ከጠፋ ይተዉት። ኢንተርኔት ላይ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» እየተባለ በርካሽ ከሚሸጠው ግን ይጠንቀቁ። የብዙዎቹ ልክ 240 ኦም ባዶ፣ 33 ኦም ሙሉ ነው። ከላይ ያዝ ያድርጉልኝ ያልሁትን የቶዮታ ቁጥር ያስታውሱ፤ 3 ሊሆን የሚገባው 33 ከሆነ ታንከርዎ አፉ ድረስ ሞልቶ እንኳ ቀስቱ ሙሉ አይልም። በቀድሞው የጂኤም መኪና ላይ ቢገጥሙትማ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ቀስቱ ሙሉ ነው ይልዎታል፤ ያ ደግሞ ከሞተ ጌጅ የባሰ ነው፤ የሞተው ቢያንስ አይዋሽም።

ከሴንሰሩ ጋር የታንከሩን አፍ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት አዲስ ይግዙ። ጥቂት ዶላር ነው። አሮጌው አንዴ ከተነሣ በኋላ እንደ ቀድሞው አይገጥምም፤ በማግሥቱ መኪናው ውስጥ የቤንዚን ሽታ ካለ ከዚያ ነው፤ እስኪስተካከል ድረስ ልጅ አይጫንበት።

«ታዲያ እኔው ራሴ ብሠራውስ?» ለሚል፣ መልሴ ከፍርሃት ጋር ነው። ካቻቢቴ መያዝ የሚችል ሰው ክዳን ያለውን መኪና ሊሠራው ይችላል። ነገር ግን ይህ ካንዴላ እንደ መለወጥ አይደለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብርድ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንንም፤ እንደ ውኃ መሬት ለመሬት ይሄዳል። የቤት ጋራዥ ውስጥ ከፍተው ሲሠሩ በዚያ ጥግ ያለው የውኃ ማሞቂያ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ትነቱ እሳቱን ፍለጋ ራሱ ይሄዳል። የአፓርትመንት ምድር ቤት ውስጥማ ጨርሶ አይሞከርም፤ ከላይ የሚተኛው ሕዝብ ነው።

የሚሠራው ውጭ፣ በጠራራ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ታንከሩ ከሩብ በታች ሲሆን ነው። ሶኬቱና ቱቦው ከመነቀላቸው በፊት የፖምፓው ፊውዝ ወጥቶ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይነሣና ግፊቱ ይተንፍስ፤ ከዚያ የባትሪው ነጋቲቭ ይፈታል። ክዳኑ ላይ ያለው የዓመታት አቧራ አስቀድሞ ይጠረግ፤ አለዚያ ታንከሩ ውስጥ ይገባል። የታንከሩን አፍ የያዘው ቀለበት በብረት መዶሻ አይደበደብም፤ ብልጭታ ያወጣል፤ በእንጨት ወይም በናስ ቀስ ተብሎ ይገፋል። በኤሌክትሪክ ገመድ የሚንጠለጠል አምፖል አይቅረብ፤ በባትሪ የሚሠራ የእጅ መብራት ይበቃል። ከመጀመርዎ በፊት የመኪናውን ብረት በእጅዎ ይንኩ፤ በልብስ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ይውጣ። «ቢ» ምልክት ያለበት የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ይቀመጥ። ሲጋራ የሚያጨስ ጎረቤት «ልርዳህ» ቢል በትሕትና ይሸኙት። አገር ቤት በየመንገዱ የለመድናት አንዲት ነገር ደግሞ አለች፤ ቤንዚን በላስቲክ ቱቦ በአፍ ስቦ መገልበጥ። እባክዎ ይቅር። ወደ ሳንባ የገባ ትንሽ ቤንዚን ሆስፒታል ያስተኛል፤ ከዚያም ያለፈ ሊያደርግ ይችላል። የእጅ መሳቢያ ፖምፓ ጥቂት ዶላር ነው።

ክዳን የሌለው መኪና ከሆነ ግን በራስዎ አይሞክሩት። አንድ ጋሎን ቤንዚን ስድስት ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ ግማሽ የሞላ ታንከር በክሪክ በቆመ መኪና ሥር ደረት ላይ ቢወርድ የሚሆነውን አልናገርም።

አሁን በመካከላችን ስላለው ነገር አንድ ቃል ልበል። የእኛ ሰው ጋራዥ ስንሄድ «ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ እያት» እንላለን። ወንድም ሲያያት አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ሶኬት ይነቅላል፣ ኮድ ያነብባል፣ ከሥር ይገባል። ጥፋቱን ሲነግረን «በል አስብበታለሁ» ብለን አመስግነን እንሄድና ርካሽ የሚሠራ ሌላ እንፈልጋለን። ሰውየው ለዚያች ሰዓት ምንም አላገኘም። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ምርመራውን በነጻ ሠርቶ ትርፉን ዕቃው ላይ ቢጭነው፣ የ60 ዶላሩን ትቶ የ400 ዶላሩን ቢመርጥልን፣ ማን አስተማረው? ለምርመራው የሰዓት ዋጋውን ከፍሎ እውነተኛውን መልስ መግዛት ይሻላል። 80 ወይም 100 ዶላር ለምርመራ ከፍሎ «ግራውንዱ ነው የዛገው» የተባለ ሰው አልተጎዳም።

ባለ ጋራዦቻችንም የሚጠበቅባቸው አለ። ግምቱን በቃል ሳይሆን በወረቀት ይስጡ፤ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ደንበኛ በጽሑፍ የመጠየቅ መብት በሕግ አለው፤ «እንተማመናለን» በሚል አይታለፍ። ወረቀቱ ላይም ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን ይጻፍ፦ ሴንሰሩ ብቻ ቢለወጥ ይህን ያህል፣ ሙሉው ቢለወጥ ይህን ያህል፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው ይህን ያህል። ሙሉውን የሚመክር ከሆነ ምክንያቱን በአንድ መሥመር ያስቀምጥ። ደንበኛው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ቢመጣ መካኒኩ ለዕቃው ዋስትና እንደማይሰጥ፣ ለእጁ ሥራ ብቻ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይነገረው፤ ይህ ፍትሕ ነው፤ ኋላ ከመካሰስ ያድናል።

መኪናውን ሲረከቡም አሮጌውን ሴንሰር በእጅዎ ይቀበሉ፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት «እፈልገዋለሁ» ካሉ አብዛኛው ጋራዥ አይከለክልም። በፀሐይ አዙረው ይመልከቱት። የብረቷ ጣት የተመላለሰችበት መንገድ ተፍቆ ወይም ጠቁሮ ይታያል፤ ክንዱ ተጣሞ ወይም ተንሳፋፊው ቤንዚን ጠጥቶ ከብዶም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱም ካልታየ፣ ከመክፈልዎ በፊት ምን እንደተበላሸ ሰሌዳው ላይ በጣቱ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።